ቀይ ስቲከር የተለጠፈበት ጊታር

ጥቅምት 4

ዛሬም አልመጣም።

የስኒ ተራ ነበር። ነጩ፣ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው። በግራ እጅ ማንሳት፣ ማዞር፣ በቀኝ ጣት ጠርዙን ኳ ማድረግ፣ ማዳመጥ፣ ማስቀመጥ። እንከን ያለበት ላይ ቀይ ስቲከር መለጠፍ። ልጄ ሳትወለድ የጀመርኩት ሥራ ነው። ፋብሪካው ውስጥ፣ ትንሿን እንከን አጉልታ ታያለች ብለው «ማጉያ» ይሉኛል፤ ስሜን ከደመወዝ ክፍል በቀር የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ከጎኔ የምትቀመጠው ሬዲዮ (ከገባች እስክትወጣ አፏ አይዘጋም) ስለ አከራይዋ ውሻ ስታወራ ዋለች። እሷን ብቻ መርጦ ነው አሉ የሚጮኸው። አልፈረድኩበትም።

ማታ ባሌ ገና ከጭነት መኪናው ሳይወርድ «መጣ?» አለኝ። አልመጣም አልኩት። ጊታር ሠሪው ዛፉን ገና እየተከለ ነው እንዴ አለ። ከኔ ብሶ እሱ ነው የቸኮለው። ጊታር ሲባል የትኛው ጫፉ ወደ ላይ እንደሆነ እንኳ የሚያውቅ አይመስለኝም...

ያዘዝኩት ግንቦት ላይ ነው። ሌላ ከተማ ካለ ሠሪ፣ በእጁ ከሚሠራ። በሕይወቴ የራሴ ጊታር ኖሮኝ አያውቅም። ልጅ ሆኜ የወንድሜን፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱን፣ ከዚያ ምንም። ልጅ ተወለደች፣ ቤት ተሠራ፣ ልጅ ትምህርቷን ልትቀጥል ሄደች። «አሁን ተራው ያንቺ ነው» ያለው እሱ ነው። ይህን ሲል ሳህን እያጠበ ነበር፤ ዞር እንኳ አላለም።

ነገ ሐኪም ቤት። የግራ መዳፌ ላይ ያለችው እብጠት ምን እንደሆነች ልጠይቅ። ለሱ መነጽር ላስለካ ነው ብዬዋለሁ። ለምን ዋሸሁ? እንጃ። ጎማው ትንሽ ሲተነፍስ እንኳ ሌሊቱን ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ነው።


ጥቅምት 5

ሐኪሟ መዳፌን ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀምጥ ነገረችኝ። አስቀመጥኩ።

«ይዘርጉት» አለችኝ።

«ዘርግቼዋለሁ» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አንስታ በመዳፌና በጠረጴዛው መሀል አሳለፈችው። ነካ እንኳ አላደረገኝም። ክው አልኩ። የተዘረጋ መስሎኝ ነበር እኮ... ስንት ጊዜ ነው እንዲህ የቆየው?

ከቆዳው ሥር ያለው ነገር እየተኮማተረ ነው አለች። የቀለበት ጣቴንና ትንሿን ጣቴን ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። አያምም። አንዳንዱ ሰው ላይ ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ «የእርስዎ ግን ቸኩሏል» አለች። እስከ መቼ ድረስ እንደልቤ አንቀሳቅሰዋለሁ አልኳት። ምናልባት እስከ ክረምት፣ ምናልባትም ሦስት ወር ላይሞላ ይችላል። ጊዜው ሲደርስ ቀዶ ጥገና አለ። እንደ ድሮው ይሆናል ብላ ግን ቃል አልገባችልኝም።

ሥራዎ ምንድን ነው አለች። ስኒ አልኩ። ስለ ጊታሩ መናገር አፍሬ ዋጥኩት። ታክሲው ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ ሲለኝ አልሰማሁትም፤ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በክርኗ ነካችኝ።


ጥቅምት 6

አልነገርኩትም። «መነጽሩስ?» አለ። ገና ነው አልኩ።


ጥቅምት 11

መጣ።

ባሌ ቤት ነበር። ካርቶኑን እሱ ነው የከፈተው፣ እንደ ድሮው ሥራው፣ ቢላውን አጋድሞ፣ ቴፑን ብቻ እየቆረጠ። የተዋወቅነው እዚያው ፋብሪካ ነው፤ እሱ ማሸጊያ ክፍል ነበር። እኔ ቀይ የለጠፍኩበትን ሁሉ ወደ ካርቶን መልሶ ወደ መጣበት የሚልከው እሱ ነበር። «ይቺ ልጅ ሥራ አበዛችብኝ» እያለ ይከሰኝ እንደነበር ከተጋባን በኋላ ነው የሰማሁት።

ጊታሩ ወጣ። አምሮ... ምን ልበል? ፊቱ ነጣ ያለ እንጨት፣ ጀርባው ቀላ ያለ፣ አንገቱ ቀጭን። ሽታው ብቻ ያጠግባል። ቁጭ ብዬ እግሬ ላይ አደረግኩት። አንድ ክር ነካሁ፣ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። የባሌ ጥርስ አልከደን አለ። ልጃችን በስልክ እያየች «እማ፣ አባ ነው እንዴ የወለደው?» አለች።

ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ብርሃኑ በሰያፍ ሲያርፍበት...

ከክቡ ቀዳዳ ዝቅ ብሎ፣ ቫርኒሹ ሥር፣ አንድ ፀጉር። የብሩሽ ፀጉር። እንደተቆረጠ ጥፍር ጎበጥ ያለች፣ ጥቁር። ከኋላዋ ብሩሹ የጎተታት መንገድ ይታያል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በጣቴ ዳበስኩት፣ ልስልስ ነው፣ ከላይ አይደለም ያለችው፣ ከውስጥ ናት። አትነቀልም።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን እኔ አደረግኩት ማለት ይከብደኛል። እጄ የሥራ ስቲከሮቼ ያሉበት ኪሴ ገብቶ ወጣ። ሳየው ጊታሩ ላይ፣ ከፀጉሯ አጠገብ፣ ቀይ ስቲከር ተለጥፏል።

ባሌ ስቲከሩን አየ፣ እኔን አየ። ምንም አላለም። የፋብሪካ ሰው ነው፣ ገባው።


ጥቅምት 12

ጠዋት ለሠሪው ደወልኩ። ስንት ወር ጠብቄ ሁለተኛ ደረጃ ይላክልኛል? እርስዎ ዓይን የለዎትም? ባሌ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ይሰማል። «ይመለስልዎታል!» ብዬ ዘጋሁት። ባሌ ራሱን ነቀነቀና ወጣ። ለረጅም ጭነት ነው የሄደው፣ ሳምንቱን አይመለስም።

በኋላ ሠሪው ራሱ ደወለ። አልተከራከረኝም፣ ይህ ነው ያናደደኝ። ጥፋቱ የሱ እንደሆነ፣ ብሩሹ አርጅቶ ፀጉር እንደጣለ፣ ድምፁን ግን እንደማይነካው ነገረኝ። ከላኩለት ቫርኒሹን ልጦ እንደገና ይቀባዋል። ስንት ጊዜ አልኩት። በየንብርብሩ መድረቅ አለበት፣ ተቸኩሎ አይሆንም፣ ሦስት ወር።

ሦስት ወር...

ስልኩን በትከሻዬ ደግፌ ያዝኩት። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት። ከሥሩ እስክሪብቶ አሳለፍኩ። ያልፋል።

አልልከውም አልኩት። ምን አሉኝ አለ። አልልከውም።


ጥቅምት 14

ስቲከሩን ልላጠው አሰብኩና ተውኩት። እሱ ከተነሳ ፀጉሯን አያለሁ። እሱ ካለ እሱን ነው የማየው። አመክንዮው የኔ ብቻ ነው፣ ለማንም አላስረዳም።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምይዘው። ጣቶቼ ረስተው ነበር፣ ጫፋቸው ተላጠ። ግን ትዝ እያላቸው ነው። ወንድሜ ያስተማረኝ ዜማ ግማሹ መጣ። የቀለበት ጣቴ ከሌሎቹ ኋላ ቀርቶ ይመጣል፤ ይምጣ ብቻ።


ጥቅምት 17

ጊታሩ የለም።

ከሥራ ስገባ በሩ እንደተቆለፈ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። ካርቶኑ የለም። ሌባ ካርቶን ይወስዳል? አልጋ ሥር አየሁ። ቁም ሳጥን ከፈትኩ። ኩሽና ሳይቀር ገባሁ፣ ጊታር ኩሽና ምን ይሠራል? መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ጎረቤታችን «ባልሽ እኩለ ቀን ላይ መጥቶ ትልቅ ካርቶን ጭኖ ሄደ» አለችኝ።

ስልኩ አይሠራም። መንገድ ላይ ነው።

ማታ ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። በሠሪው ከተማ በኩል የሚሄድ ጭነት ተገኘ፣ ቤት ብቅ አልኩ፣ አንቺን ላስደንቅ ብዬ አልደወልኩም፣ ራሴ ይዤለት ሄድኩ። «ቀይሽ እንዳለ ነበር፣ አልረሳሁም» አለኝ።

ድምፄን ስላጣው አልሰማ ያለ መስሎት «ሄሎ፣ ሄሎ» ይላል። አመሰግናለሁ አልኩት። አመሰግናለሁ... ሌላ ምን ይባላል?


ጥቅምት 18

ሥራ ሳልገባ፣ ከፋብሪካው በር ላይ ለሠሪው ደወልኩ። እንዳይነካው፣ መጥቼ እንደምወስደው ልነግረው።

ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለቤትዎ እኮ ቆመው አስጀመሩኝ» አለኝ። «ሲጀምሩ ካላየሁ አልሄድም አሉ። ዛሬ ነገ ይሉባታል፣ አውቃችኋለሁ አሉኝ። ፊቱን ሙሉውን ላጥኩት።»

ሙሉውን? ሙሉውን።

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሬዲዮ ምን ሆንሽ አለችኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ጠብቃ ዝም አለች። ባሌ እንዲህ ነው። አንድ ነገር ለኔ ሲያደርግ አጥብቆ ነው። ገና ሳንጋባ አንድ ጊዜ ጃንጥላዬን ረስቼ ዝናቡ ውስጥ ይዞልኝ የሮጠው፣ እኔ ሳልረጥብ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ነው።


ጥቅምት 20

ዛሬ ተመለሰ። እንደዚህ ያለ ቀን አይደገምብኝ።

ፈገግ እያለ ገባ። ምስጋናውን ሊቀበል ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነበር።

«ማን መልስ አለህ?»

«አንቺ ነሻ። ቀዩን አየሁት።»

«ቀይ ያለበት ሁሉ ይመለሳል?»

ግራ ገባው። «ስንት ዓመት መለስኩልሽ? አንድ ቀን ይህን ተወው ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። ብዬው አላውቅም። አንድም ቀን። ይኸው እውነቱ ነው ይበልጥ ያሳበደኝ። ምን እንደምል ሳላውቅ «እኔ ሦስት ወር የለኝም» አልኩት።

ፊቱ አመድ ሆነ። ሊነሳ ሞከረ፣ አልተነሳም። «ሐኪም ቤት... ምንድን ነው ያሉሽ?» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም። ምን እንዳልኩት ያኔ ነው የገባኝ። ደነገጥኩ። ሮጬ ትከሻውን ያዝኩት፣ «እጄን ነው፣ እጄን ብቻ፣ አልሞትም» አልኩት። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። ስለ እብጠቷ፣ ስለ እስክሪብቶው፣ እስከ ክረምት ስለመባሉ፣ ቀይ እንዳለበት ስጫወት ስለሰነበትኩት።

እጄን ሳብ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። በሁለት እጁ ቀስ ብሎ ተጫነው። አይተኛም። ለቀቀው፣ እንደገና ተጫነው። መኪናውን ሲጠግን አልገጥም ያለ ዕቃ ሲያጋጥመው እንደሚያደርገው፣ ሳይናደድ፣ ምናልባት ይገባ ይሆናል ብሎ። ከዚያ ትንሿን ጣቱን ከመዳፌ ሥር አሳለፋት።

«መነጽር አላልሽኝም ነበር?» አለኝ።

ተነስቶ ወጣና መኪናውን ማጠብ ጀመረ። ንጹሕ መኪና። በመስኮት አየዋለሁ፣ አንዱን በር ደጋግሞ ያጥባል። አንጀቴን በላው። ተናድጄበት ሳልጨርስ አንጀቴን በላው።


ጥቅምት 21

ሁለታችንም ከመጠን በላይ ጨዋ ሆነናል። ጨው አቀብለኝ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ። እንግዳ የመጣብን ይመስላል።

ስወጣ «በእረፍትሽ ቀን እንሄዳለን» አለኝ። የት አልኩት። «ልናመጣው።»


ጥቅምት 24

ሄድን። ጊታሩ ቤት ገብቷል። እንዴት እንደገባ ልጻፈው።

መንገድ ላይ ብዙም አላወራንም። የሠሪው ቤት ጠባብ ነው፣ ከአንድ ብረት ብየዳ ቤት ጀርባ። ጣሪያው ላይ የጊታር አንገቶች ተንጠልጥለዋል። ሙጫ ይሸታል፣ የእንጨቱ ፍቅፋቂ ጫማ ውስጥ ይገባል። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ይፈልገዋል። ባሌን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ጊታሩ ብርድ ልብስ ላይ ተጋድሟል። ክር የለውም። ፊቱ ደብዝዟል፣ ጢሙን ገና ትላንት የተላጨ ሰው ይመስላል። እዚህም እዚያም የመፋቂያው መንገድ ይታያል። ፀጉሯ ሄዳለች፤ በሷ ምትክ ግን ፊቱ በሙሉ እንከን ሆኗል። ጣቢያዬ ላይ ቢመጣ የቱ ጋ ቀይ እንደምለጥፍ አላውቅም ነበር።

ክር ይግባለት፣ እንዲሁ እወስደዋለሁ አልኩት።

አልሰማኝም መሰለኝ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አገኘውና አደረገው። «ጥሬውን?» አለ። ጥሬውን። እንዴት ተደርጎ አለ። ላብ ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ይበላሻል፣ ሰው ምን ይለኛል። ሦስት ወር ብቻ ታገሡኝ ብሎ ለመነኝ። ባሌ ጥግ ላይ ቆሟል፣ እንደተቀጣ ተማሪ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ። ይናገራል ብዬ ፈራሁ። ሲናገር ግን እንዲህ ነው ያለው፦

«እሷ ማጉያ ናት። ይህን ያህል እንከን አይታ አልመልስም ያለችበት ቀን የለም። ዛሬ ካለች ይስጧት።»

ሰውየው ጨርቅ ዘይት ውስጥ ነክሮ አንድ ጊዜ ወለወለው። ክሩን አስገባ። በመጨረሻ እጁን በክቡ ቀዳዳ አሾልኮ፣ ውስጥ የተለጠፈውን ስሙ የታተመበትን ወረቀት ልጦ አወጣው። አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የኔ ሥራ ነው እንዳይሉ አለኝ።

ሳቅኩ። ሰውየው የተሳለቅኩበት መሰለው። እኛም ጋ እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳህን ሲወጣ ከሥሩ የፋብሪካው ማኅተም አይደረግበትም። በዚህ ዕድሜዬ ማኅተም የሌለው ዕቃ ከፍዬ ወሰድኩ።

ስንመለስ ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር። ባሌ እንቁላል የጫነ ይመስል እየተንቀራፈፈ ነዳ። ብስክሌት ሳይቀር ቀደመን።


ኅዳር 3

በየቀኑ። ክንዴ የሚያርፍበት ቦታ መጥቆር ጀምሯል። ባሌ ጨርቅ ይዞ መጣ፣ ተወው አልኩት። ተወው! ከአፌ ሲወጣ እኔም እሱም ደነገጥን። ጨርቁን አስቀምጦ «ይህን ቀን ልጻፈው» አለ። የሚጽፈው እሱ አይደለም እንጂ...


ኅዳር 9

ዛሬ ሙሉውን ተጫወትኩት። የወንድሜን ዜማ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንድም ቦታ ሳልሳሳት።

ማንም ቤት አልነበረም። እንኳን አልነበረ። አለቀስኩ።


ኅዳር 22

ስኒ ከእጄ ወደቀ። ሲወድቅ ነው የያዝኩት መስሎኝ እንደነበር ያወቅኩት። ጣቶቼ ቀድመው ተጨብጠው ነበር፣ ስኒው መግቢያ አላገኘም። ኳ ሲል ሁሉም ዞር አለ። ማጉያ ሰበረች? በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ሰብሬ አላውቅም።

ሬዲዮ ተነስታ ስብርባሪውን ለቀመች። የቀኑን ግማሽ አንድ ቃል ሳትናገር ከኔ ስኒዎች እየወሰደች ወደ ራሷ ደረደረች። ያ ዝምታዋ ከስኒው ይልቅ አስደነገጠኝ። ሰው ያዘነልኝ ቀን ደረሰ ማለት ነው።

ማታ የቀለበት ጣቴ ሦስተኛውን ክር አልደርስ አለ። በቀኝ እጄ ስቤ ላደርሰው ሞከርኩ። ታዲያ ክሩን ማን ይምታው?


ታኅሣሥ 2

ሐኪም ቤት። አሁን ባሌም አብሮኝ ገባ። ከኔ ይልቅ እሱ ነው የጠየቀው። ቀዶ ጥገናው ጥር ላይ ነው። ከዚያ ወራት የሚፈጅ ማለማመጃ። «ጊታርስ?» አላት። ሐኪሟ ቀና አለች። ጊታር ይጫወታሉ እንዴ፣ ለምን አልነገሩኝም አለችኝ። ስኒ ብያት ነበር።

ስኒ ለመያዝ ይበቃል ብላ ተስፋ ታደርጋለች። ስለ ጊታር ግን «አልዋሽዎትም» አለች። ስላልዋሸችኝ አመሰገንኳት። ደረጃው ላይ ስንደርስ ባሌ ክንዴን ያዘኝ፤ እኔ የምወድቅ መስሎት ነው እንጂ የተንገዳገደው እሱ ነበር።


ታኅሣሥ 4

ዛሬ በሁለት ጣት ሞከርኩ። ክሩ ተንጫጫ። ጊታሩን ካርቶኑ ውስጥ አስገብቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት።

በቃ። ክረምት ድረስ ብለውኝ ነበር። እስከ ታኅሣሥ እንኳ... በቃ።


ታኅሣሥ 12

ልጄ ደወለች። ስለ ጊታሩ አልጠየቀችም። ሌላ ጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። አባቷ ነግሯታል ማለት ነው። ከዚያ አባን አገናኚኝ አለች። ስልኩን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ፣ በሩን ዘጋ። ከመቼ ጀምሮ ነው እነዚህ ሰዎች ከኔ ተደብቀው የሚያወሩት?


ታኅሣሥ 21

ዛሬ የሆነውን ሳልተኛ ልጻፈው። ፊደሌ ካላማረ ከጥድፊያ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ መብራት ጠፋና በጊዜ ለቀቁን። ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት ድምፅ ሰማሁ። ጊታር። የኔ ጊታር። ደሜ ፈላ፤ ማን ነው የነካው? ከዚያ አዳመጥኩ። ሥራዬ ማዳመጥ ነው። አንድ ኮርድ ነው፣ ክሮቹ ባንዴ የሚመቱበት። ግማሹ ይንጫጫል፣ አንዱ ክር ጭራሽ ደንቆሮ ነው። ቆመ። እንደገና። ያው ኮርድ። እንደገና። በመሀል «ውይ» ይላል።

በሩን ገፋ አደረግኩት። ባሌ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፎ ልጃችን የላከችለትን ቪዲዮ እያየ። ጊታሩ እሱ ላይ የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው። የግራ ጣቶቹን ጫፍ አየሁ። ቆስለው ደርቀው እንደገና ቆስለዋል። የዛሬ አይደለም ይህ ቁስል። እኔ ስንት ቀን ነው ሳላይ የቆየሁት?

ሲያየኝ እንደተያዘ ሌባ ዘሎ ሊነሳ ሞከረ። ተቀመጥ አልኩት። ድምፄ አልወጣም ይሆናል፣ ግን ተቀመጠ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቀኝሽ ምን ሆነ?» አለኝ።

«ቀኜ ምንም አልሆነም።»

«በይ ታዲያ። እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ምቺ።»

ከጎኑ ተቀመጥኩ። አይሆንም፤ ክንዴ አይደርስም። ፊት ለፊቱ ዞርኩ። አይሆንም። በመጨረሻ ከኋላዬ አስቀመጥኩት፣ ጊታሩን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ግራ እጁ በብብቴ ሥር አልፎ የጊታሩን አንገት ያዘ። አገጩ ትከሻዬ ላይ ነው። ትንፋሹ ይሰማኛል። ሁለት ሽማግሌዎች... ሰው ቢያየን ምን ይላል?

መታሁ። ተንጫጫ። ጣትህን አንገቱ ላይ ወዳለው ብረት ጠጋ አድርገው አልኩት። ጠጋ አደረገ። መታሁ። ትንሽ ተሻለ። አጥብቀው፣ እንደ መኪና መሪ አትጨብጠው፣ በጫፉ ብቻ። ያማል አለ። ያማል አልኩት። መታሁ።

ጠራ። ስድስቱም ክር። ክፍሉ ሞላ። ሁለታችንም ድምፁ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀስንም። ካለቀ በኋላ «እኛ ነን?» አለኝ በጆሮዬ። እኛ ነን አልኩት።

ከዚያ እየሳቅኩ ይሁን እያለቀስኩ ባላውቅም ጮህኩበት። ይህን ጥፍር ይዘህ ነው ጊታር የምትነካው? ክሩን የሚያደነቁረው እሱ እኮ ነው። ጥፍር መቁረጫ አመጣሁ። በቀኜ መቁረጫውን፣ በግራዬ ጣቱን ያዝኩ። የታጠፉት ሁለት ጣቶቼ ጣቱን ጥርቅም አድርገው ያዙት። መዘርጋት ነው እንጂ መያዝ አያቅታቸውም።

አምስቱንም ቆረጥኩለት።